ግራ በኩል ያለው ቀንድ

አልጣሽ ቤቷን ልለስን ወይስ ልተው እያለች ስታመነታ ክረምቱ ወጣ። ለሰሚው ቀላል ነገር ይመስላል። ጭቃ፣ ጭድና እበት ነው፤ ምን ያስጨንቃል? የሚያስጨንቀው የአገሩ ልማድ ነው። በእነ አልጣሽ መንደር፣ ከማንኩሳ ወረድ ብሎ፣ የሐዘን ቤት አይለሰንም። ባሏ የሞተባት ሴት ተዝካሩ እስኪወጣ ድረስ ግድግዳዋ ቢፈርስ እንኳ ጭቃ አትነካም፤ ከነካች «እፎይ አለች» ትባላለች። ባሏ በሕይወት ያለላት ሴት ደግሞ ቤቷን ሳትለስን መስቀል ከደረሰ፣ ወይ ሰነፍ ናት፣ ወይ በባሏ ላይ ታሟርታለች። አልጣሽ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች የሚነግራት ሰው አጣች። ሚስት ትሁን መበለት አታውቅም።

ባሏ ገደፋው ጫካ የገባው ከሁለት ክረምት በፊት ነው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ባንዲራውን ሰቅሎ «መሣሪያ ያለህ አምጣ» ሲል፣ ገደፋው ጠመንጃውን ከሚያመጣ ይዞት ሄደ። አዲሱን ቤት ለመጨረስ ትንሽ ነበር የቀረው። ምሰሶው ቆሟል፣ ማገሩ ታስሯል፣ ሣሩ ተከድኗል፣ የመጀመሪያው ጭቃም ተመርጓል። የቀረው የሴት ሥራ ነው፤ ልስኑ፣ መደቡ፣ ምድጃው። «ውስጡን ላንች ትቸዋለሁ» ብሏት በጓሮ በኩል ወጣ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ወሬው ይደርሳት ነበር። ኋላ ተምታታ። አንድ ጨው ነጋዴ «ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ጅጋ ገበያ ላይ ተናገረ። ከግሽ ዓባይ ጠበል የተመለሰች ሴት ደግሞ «ጠበል ሲጠጣ አየሁት፤ ከስቷል እንጅ ደኅና ነው» አለች። አልጣሽ ሁለቱንም ፈልጋ አገኘቻቸው። ነጋዴው መልኩን ሲጠየቅ «ረጅም፣ ቀይ ሰው» አለ። ገደፋው አጭርና ጥቁር ነው፤ ደስ አላት። ሴትዮዋ ስትጠየቅ «ጠመንጃውን በቀኝ እጁ ይዞ» አለች። ገደፋው ግራኝ ነው፤ ደስታዋ እዚያው ቀረ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ አልጣሽ ግን ሐሳብ ከማብዛቷ የተነሣ ወሬው ራሱ ጠፋባት።

የነፍስ አባቷን ቄስ ገብረሰንበትን ጠየቀቻቸው። ቄሱ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና «ፍትሐት ለሞተ ነው፤ ላለ ሰው አላደርስም። ሞቶ እንደሆነም ሳይፈታ አይቅር። እስኪ አንች አረጋግጭና ንገሪኝ» አሏት። እሷ ልትጠይቅ ሄዳ ተጠያቂ ሆና ተመለሰች።

የባሏ እናት እማሆይ ወለተ ሐና ይብሱ ነበር። ቆብ ጭነው የሚኖሩባት ትንሽ ጎጆ ከአልጣሽ ደጅ ፊት ለፊት ናት፤ ስለዚህ ምክራቸው ሩቅ መንገድ አይሄድም። ሰኞ ዕለት በትራቸውን ይዘው ብቅ ይሉና «ምን ትጠብቂያለሽ? ልጀ አለ! በሕልሜ መጥቶ ራት በላ። ለስኝ እንጅ!» ይላሉ። አልጣሽ ጭድ ልታመጣ ትነሣለች። ረቡዕ ዕለት ደግሞ ያንኑ በትር ይዘው ያው ደጃፍ ላይ ቆመው «የልጀ አጥንት የትም ተበትኖ ሳለ፣ አንች በጭቃ ልትጫወች ነው?» ይላሉ። አልጣሽ ጭዱን ትመልሳለች። ሴትዮዋ ክፉ ሆነው አይደለም። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ልባቸው ሲሻው ያኖረዋል፣ ሲሻው ይቀብረዋል።

ይህን ሁሉ ማመንታት የቆረጠችው ጎረቤቷ ሲሳይነሽ ናት። ሲሳይነሽ ከቡሬ ወዲያ ከአዊ ቤተሰብ ተድራ የመጣች፣ ቁመተ ረጅም፣ በሁለት ቋንቋ የምትቆጣ ሴት ናት። በልስን ግን አገር የመሰከረላት ነች። አንድ ቀን ገባችና በግድግዳው ላይ ጣቷን ሰደደች። ጭቃው ረግፎ ማገሩ ታይቷል፤ በማገሩ ላይ ደግሞ የምስጥ መንገድ እንደ ደም ሥር ወደ ላይ ወጥቷል።

«ይኸን ታያለሽ?» አለች። «ምስጥ ሐዘን ይሁን ሠርግ አይጠይቅም። ባልሽ ቢመጣ የት ልታስገቢው ነው? ባይመጣስ የት ልታለቅሽለት ነው?»

አልጣሽ የምስጡን መንገድ ቆማ ስታየው ዋለች። ገደፋው ያንን እንጨት ከጫካ በትከሻው ተሸክሞ ሲያመጣ ትዝ አላት። ምስጥ ሲበላው ዝም ብላ ካየች፣ በራሷ እጅ የቀበረችው መሰላት። «አለ» አለች ለራሷ፤ ማመኗም አልነበረም፣ መጨነቁ ሰልችቷት ነው። በማግስቱ ጭዱን ዘፈዘፈች።

ከዚያ በኋላ ሲሳይነሽን ያቆማት አልተገኘም። ጭዱ የጤፍ መሆን አለበት፤ የገብስ ጭድ እየወጋ ይወጣል። እስኪሸት ይዘፍዘፍ፤ ያልሸተተ ጭድ ጭቃ አይዝም። አፈሩን ከኩይሳ አምጭ፤ ምስጥ የፈጨውን አፈር ወንፊት አይፈጨውም፤ እንጨትሽን ከበላች አፈሯን ትክፈልሽ። የመጀመሪያው ልስን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አትደንግጭ፣ ይሰንጠቅና ይጨርስ፤ ሳይጨርስ የደፈንሽው ስንጥቅ ተመልሶ ይሥቅብሻል። ሁለተኛው እበት ይብዛበት፤ እበቱም ሣር የበላች ላም ይሁን። ጠፈፍ ሲል በወንዝ ድንጋይ እሽው፤ እስኪያብረቀርቅ እሽው። ምድጃውን ከግድግዳ አርቂው፤ ጥቀርሻ ከባል ቤተሰብ ይብሳል፤ አንዴ ከገባ አይወጣም።

ይህን ያለችው እማሆይ ወለተ ሐና ደጃፉ ላይ ቆመው ሳሉ ነበር። እሳቸው ግን የዚያን ቀን ልጃቸው በሕይወት ያለበት ቀን ነበርና አልተቀየሙም።

ነጩ አፈር ላይ ሲደረስ ሌላ ነገር መጣ። አልጣሽ ከወንዙ ገደል ነጭ አፈር ቆፍራ አምጥታ፣ በውኃ በጥብጣ፣ ውጭውንም ልትቀባ ስትነሣ ሲሳይነሽ እጇን ያዘቻት።

«ውጭውን ተይው! የጣሊያን አሮፕላን ከላይ ሲያይ ነጭ ቤት ካየ የሰው ቤት መሆኑን ያውቃል። ከውጭ ወና ይምሰል። ውስጡን ብቻ ቅቢ። ደግሞ ከበሩ ትይዩ ያለውን አብዝተሽ ቅቢው፤ ብርሃኑ እሱ ላይ ሲያርፍ ቤቱ ይሰፋል። ከሥሩ ግን በክንድ ልክ ቀይ አፈር አድርጊበት፤ እግርና ዶሮ የሚያቆሽሸው እዚያ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ቤቱ ከውጭ የተተወ፣ ከውስጥ የሙሽራ መሰለ። አልጣሽ ራሷ ከደጅ ስትገባ ትደናገር ነበር። የማን ቤት ነው? ትላለች።

መደቡን የሠራችው ሲሳይነሽ ናት ማለት ይቻላል። «መደብ ዝቅ ካለ ጉልበት ይሰብራል፤ እንግዳ እያቃሰተ አይነሣም» ብላ ከፍታውን በራሷ ጉልበት ለካች። ጉልበቷ ደግሞ የት እንዳለ ያየ ያውቀዋል። አልጣሽ ከፍ አለ ልትል አሰበችና ተወችው። ያን ሁሉ ምክር የሰማ ሰው የራሱን ሐሳብ ከየት ያገኘዋል?

በአንድ ነገር ግን እንቢ አለች። ጠመንጃና ጋሻ የሚሰቀልበት የበሬ ቀንድ ማገሩ ላይ ታስሮ በጭቃ የሚያዘው፣ በአገሩ ሁሉ፣ ሲገቡ ከበሩ በስተቀኝ ነው፤ ረጅም ሰው እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ከፍታ ላይ። አልጣሽ ቀንዱን ወስዳ በግራ በኩል አሰረችው፤ ያውም ዝቅ አድርጋ።

«ምን ነካሽ?» አለች ሲሳይነሽ። «በግራ? ምን ይሉሻል? ደግሞ ይኸ ምን ከፍታ ነው? የገባ ሁሉ ግንባሩን ሊወጋ?»

«ይሁን።»

«ምን ይሁን? አፍርሽው!»

«ይሁን ብያለሁ» አለች አልጣሽ። ሌላ ቃል ብትጨምር ማልቀሷ ነው። ገደፋው በሰው ቤት ሁሉ፣ በእናቱም ቤት ሳይቀር፣ ጠመንጃውን ለመስቀል ወገቡን አዙሮ በእግሩ ጣት ሲንጠራራ ስትሥቅበት ነው የኖረችው። «አንድ ቀን በራሴ ቤት ሳልንጠራራ እሰቅላለሁ» ይላት ነበር። አልጣሽ ያረጀውን ጋቢውን፣ እናቱ በጥቁር ክር የጣፉትን፣ አውጥታ ቀንዱ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወደ ምድጃው ዞራ ማንም ሳያያት አለቀሰች።

ሥራው ካለቀ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን፣ መንደሩ ጅጋ ወርዶ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ አንድ ጥጥ ሻጭ አህያውን እየነዳ መጣ። «ውኃ አጠጭኝ እባክሽ» አለ። አልጣሽ ግባ አለችው፤ ጠላ ቀዳችለት። ሰውየው ቁመናው ረዘም ያለ ነበርና መደቡ ልክ ሆነለት። ከተቀመጠ በኋላ ግን ዓይኑ አላረፈም። ነጩን ግድግዳ አየ፣ ቀዩን ዙሪያ አየ፣ የተቀመጠበትን መደብ በእጁ ዳበሰ። በመጨረሻ ጋቢውን አየ።

«አባወራው የት ሄዱ?» አለ።

አልጣሽ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። ጫካ ነው ብትል፣ ሰውየው ባንዳ ከሆነ ቤቱ ሳይመሽ ይቃጠላል። ሞቷል ብትል፣ የለሰነችው ግድግዳ ሁሉ ሐሰት ይሆናል፤ ያም ሳያንስ የሰይጣን ጆሮ ይሰማል። አላውቅም ብትል፣ ባሏን የማታውቅ ሴት ምን ሴት ናት? አፏ ላይ የመጣውን አለች።

«ጅጋ ወርዷል። ገበያ።»

ሰውየው አንገቱን ዝቅ አደረገ። ጠላውን ሳይጨርስ ግማሹን አስቀምጦ ተነሣ። «ቤትሽን አሳምረሽዋል» አለና አህያውን ነዳ። ሲርቅ ነው አልጣሽ የነቃችው። ጥጡን ግዥኝ አላላትም። ዋጋ አልጠራላትም። ጥጥ ሳይሸጥ የሚሄድ ጥጥ ሻጭ፣ ጠላ ጀምሮ የሚተው እንግዳ፣ በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። ባንዳ ነው አለች።

እማሆይ ወለተ ሐና ከገበያ ሲመለሱ ነገረቻቸው። የዚያን ቀን ደግሞ ልጃቸው የሞተበት ቀን ነበር።

«ማን ጅጋ ወረደ አልሽው?»

«ገደፋው።»

«የትኛው ገደፋው?»

«ልጅዎ ነዋ፣ እማሆይ!»

አሮጊቷ «ኧረ ምነው በወረደ» አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አልጣሽ ከዚያ ወዲያ ካሉት ቀናት አንዱንም በቅጡ አልኖረችውም። ውሻ ሲጮኽ እቃዋን ትሰበስባለች፤ ዝም ሲል መልሳ ትዘረጋለች። ነጩን ግድግዳ እያየች «አንተ ነህ ያስያዝኸኝ» ትላለች። ለምን ለሰንሁ? ባልለስንስ ምን ይሉኝ ነበር? መላው ጠፍቷት ሰነበተች።

የሚቀጥለው ገበያ ደረሰ። መንደሩ እንደገና ወረደ፤ እማሆይም ማዶ ሰፈር ተዝካር ተጠርተው ሄዱ። አልጣሽ ተንበርክካ ዶሮ የጫረውን ቀይ አፈር ስትጠግን በሩ ጨለመባት። ቀና ስትል ጸጉሩ ጆሮውን የሸፈነ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ጠመንጃ የያዘ አጭር ሰው ደፍ ላይ ቆሟል። መጡ ብላ ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ከዚያ ጠመንጃውን የያዘበትን እጅ አየች። ግራ ነው።

በጭቃ እጇ መሬቱን ተደግፋ ተነሣች። እሱ ግን አልሳማትም፣ እንደምን ሰነበትሽም አላላትም። ዓይኑ በነጩ ግድግዳ ላይ ሄደ፤ የማያውቀው አገር እንደገባ ሰው ቀስ ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ።

«ማነው?» አለ።

«ማን?»

«ጅጋ የወረደው።»

አልጣሽ ምንም አልገባትም። ሙት ነው ሲሉት የነበረ ሰው ቆሞ ስለ ገበያ ይጠይቃታል። «የምን ጅጋ?» አለች።

«አትደብቂኝ! ጥጥ አሸክሜ የላክሁት ሰው ሁሉን አይቶ ነግሮኛል። ከውጭ ወና፣ ከውስጥ የሙሽራ ቤት ነው አለኝ። የወንድ ጋቢ ተሰቅሏል አለኝ። አባወራው ገበያ ነው አለች አለኝ። እኔ ውርጭ ላይ ስተኛ ይኸን መደብ ለማን ነው ከፍ ያደረግሽው? ይኸ እኮ የረጅም ሰው መደብ ነው!»

አሁን ገባት። ሲገባት ሣቅም እንባም አንድ ላይ መጡባት።

«አንተ ነህ» አለች።

«እኔ ምን ነኝ?»

«ጅጋ የወረድኸው አንተ ነህ! ሰውየውን ባንዳ መስሎኝ! ምን ልበለው? ጫካ ነው ልበለው? ሞቷል ልበለው?»

ገደፋው አላመናትም። ፊቱን ከእሷ አዙሮ የዚያን የሌላውን ሰው ዕቃ ፈለገ። በስተቀኝ በኩል ከበሩ አጠገብ፣ ቀንድ በሚሰቀልበት፣ ልሙጥ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ግራ ተጋብቶ ወደዚያ ወደዚህ አየ። ከዚያ በግራው፣ ከጆሮው ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ፣ ቀንዱን አየ። ጋቢውን ሳብ አደረገ፤ ጥቁሩን ክር፣ እናቱ የጣፉበትን፣ በአውራ ጣቱ ነካው። ከዚያ ወገቡን ሳያዞር፣ ሳይንጠራራ፣ በግራ እጁ ጠመንጃውን አንሥቶ ሰቀለው። እጁን ግን ከቀንዱ ላይ አላወረደም።

«በገባሁበት ቤት ሁሉ...» አለና አልጨረሰውም።

እሷም እንዲጨርሰው አልፈለገችም። ከኋላው ሄዳ ጀርባው ላይ ግንባሯን አስደገፈች። የጭስና የጫካ ሽታ ይሸታል። በሕይወት ያለ ሰው ሽታ ነው።

ኋላ እንጀራ አቀረበችለት። መደቡ ላይ ሲቀመጥ እግሩ ወለል ሳይነካ ተንጠለጠለ። አንድ ጊዜ ወደ እግሩ፣ አንድ ጊዜ ወደ አልጣሽ አየ።

«ይኸ መደብ ግን ከፍ አለብኝ» አለ እያላመጠ።

«ለሲሳይነሽ ጉልበት የተለካ ነው። አንተ አልነበርህማ!» አለች። ሁለት ክረምት ሙሉ የናፈቀችው ይህንን ነው፤ ቤቷን የሚነቅፍ ሰው።

ገበያተኛው ሳይመለስ መሄድ ነበረበት። ብርዱ ጠንቷል ብሎ ጋቢውን ከቀንዱ አውርዶ ለበሰው፤ ጠመንጃውንም አነገተ። ለእናትህ ልንገራቸው ወይ ብትለው ራሱን ነቀነቀ። «እልል ይላሉ፤ እልልታው ቡሬ ይሰማል። ለማንም አትንገሪ» አላት። በመጣበት በጓሮ በኩል ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት አልጣሽ ዶማ አንሥታ መደቡን ከላይ መስበር ጀመረች። ድምፁን የሰማችው ሲሳይነሽ እየሮጠች መጣች።

«አበድሽ! ያ ሁሉ ልፋት! ምን አደረገሽ?»

«ከፍ ብሏል።»

«ማን አለ?»

አልጣሽ ዶማውን አነሣች። ሲሳይነሽ ደግማ ልትጮኽ ስትል ዓይኗ ቀንዱ ላይ አረፈ። ቀንዱ ባዶ ነው። ጋቢው የለም። ሲሳይነሽ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለቱም ቋንቋ ዝም አለች። ከዚያ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ በሌላኛው ጫፍ ጭቃውን መፈልፈል ጀመረች።

እማሆይ ወለተ ሐና በትራቸውን ይዘው ደፍ ላይ ደረሱ። ዛሬ ልጃቸው የሞተበት ቀን ይሁን ያለበት፣ ከፊታቸው አይታወቅም ነበር። ሁለቱ ሴቶች ቀና ብለው አዩዋቸውና መልሰው አቀረቀሩ። አሮጊቷ ባዶውን ቀንድ አዩ። የሚሰበረውን መደብ አዩ። ገብተው በጎደለው በኩል ተቀመጡና እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ፤ በመዳፋቸውም ከወለሉ ጀምረው ወደ ላይ ለኩ።

«ገና ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስንዝር ጨምራችሁ ዝቅ አድርጉት። ልጀ እኮ አጭር ነው።»